በአፍንጫ አይነዳም

ፉጨት የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ዛሬ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኖ ሰው ሁሉ ሲሽቆጠቆጥለት ሳይ በሆዴ እስቃለሁ። ረዳቴ በነበረ ጊዜ ከጭነት መኪናዬ ኋላ ቆሞ ወደ ኋላ የሚያስገባኝ እሱ ነበር። «ና፣ ና፣ ና» ካለ እመጣለሁ፤ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ካፏጨ ባለሁበት ቀጥ እላለሁ። ስንት ጠባብ መጋዘን ገብተናል፣ ከስንት ገደል አፍ ተመልሰናል። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ኋላ ስገባ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ጭነቱ ይጋርደዋል፤ በመስታወትም አይገኝ። ድምፁን ብቻ አምኜ ነው ያን ሁሉ ብረት የኋልዮሽ የነዳሁት። መሪ ያስጨበጥኩትም እኔው ነኝ።

ውለታዬን እንዴት እንደመለሰ ልንገራችሁ። ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ ፊደል ያለበትን ሰሌዳ ከሩቅ አሳየኝና «አባባ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ይረፉ» አለኝ። ጋሼ እያለ እጄ ላይ ያደገ ሰው፣ አባባ! ከስድስተኛ ክፍል አልዘለልኩም፣ ይህን አልክድም፤ ፊደል ግን አውቃለሁ። ትንሽ ደብዘዝ ብሎብኝ ነው እንጂ። ከዚያ ወዲህ ከጭነት መኪናው በኋላ የገዛኋት ሚኒባሴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ እኔም ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ የሰው ማርሽ ሲንቋቋ እየሰማሁ የማላውቀውን ሹፌር እሰድባለሁ።

ቤቴ ውስጥ የቀረ አንድ ሹፌር ቢኖር የመጀመሪያ ልጄ ናት። ኒቃብ ትለብሳለች። ያለበሳት ሰው የለም፤ እንዲያውም በጀመረችው ሰሞን ሰው ይጠቋቆምብሻል ብዬ ልከለክላት ሞክሬ ነበር። «አባ፣ ባንተ ጢም ስንት ሰው ተጠቋቆመ? ተላጨህ?» አለችኝ። አልተላጨሁም። ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን የምታመላልስ ሴት ሹፌር ፈልጎ እሷን መርጧል። መኪናዋም የእኛው ሚኒባስ። የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ ሰኞ ይከፈታል። የዚያን ሳምንት ፈተና ካላለፈች ቦታው ለሌላ ሊሰጥ፣ መኪናዬም ሸራዋን እንደለበሰች ልታረጅ ነው። ማሠልጠኛ ገብታ ተምራለች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ በቆመችው ሚኒባስ ውስጥ አስቀምጬ አንድ ነገር ብቻ አስጠናኋት፤ ዓይንሽን ሳይሆን አንገትሽን አዙሪ። ዓይኑን ብቻ የሚያንከባልል ሹፌር መስታወቱ ያልነገረውን አያውቅም።

የፈተናው ቀን ሜዳው በሰልፈኛ ተሞልቷል። ከፊታችን አንድ ጎረምሳ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ሳህን የሚያክል ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ ከፊቱ የሚታየው ጢሙ ብቻ ነበር። ፉጨት ስሙን ጠርቶ ወደ ተፈታኞቹ ወገን አሳለፈው። ልጄ ጋ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን አወረደ። እኔን እንዳላየ ሆኖ፣ ፊቷን የሸፈነች ሴት እንደማይፈትን፣ ባለፈው ሳምንትም አንዷን እንደመለሰ ነገራት። ያቺ የተመለሰችው እንደ ልጄ ኒቃብ ለብሳ አጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። ዕድሏን ልትሞክር ደግማ መጥታለች።

ልጄ መከልከሉ የተጻፈ ሕግ እንደሆነ ጠየቀችው። የተጻፈ የለም። የምትፈተኚው አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ አለ። ይሄ ደህና ጥያቄ ነው፣ ሴት ትየኝ አለችው። የፈተና ቢሮው ሴት ጸሐፊ ወደ ውስጥ ይዛት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ፊቷን ከመታወቂያው ፎቶ ጋር አስተያይታ ወጣች።

«እሷው ናት» አለች ጸሐፊዋ። «ፎቶው ላይ ተኮሳትራለች እንጂ በአካል ትሻላለች።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ፉጨት አልሳቀም። ሰው ሲስቅ አብሮ የሚስቀው ድሮ የኔን ጉርሻ ሲቀበል ነበር።

«እሺ፣ መንገዱን በምን ልታዪው ነው?»

«በዓይኔ ነዋ ጋሼ። የሸፈንኩት አፍንጫዬን ነው። በአፍንጫ ደግሞ አይነዳም።»

አሁንማ ሜዳው በሳቅ አወካ። ባለ መነጽሩ ጎረምሳ እንኳ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ፤ ለካ ዓይን አለው። እሷ ግን ለሳቁ ጊዜ አልሰጠችም። ከወደቅኩ በአነዳዴ ልውደቅ፣ በልብሴ አልወድቅም፤ ሜዳው ላይ ከቆሙት ዘንጎች አንዱን ከነካሁ ራሴው ወርጄ እሄዳለሁ አለችው። ድምፏን ከፍ አላደረገችም። ፉጨት ግራና ቀኝ አየ። ያ ሁሉ ሰልፈኛ እየጠበቀው ነው።

ይህን ጊዜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዓመታት የቋጠርኩትን ላራግፍ ጠጋ አልኩና «መጀመሪያ የኔን ዓይን ቀማህ፤ ዛሬ የልጄን ልትደግም ነው?» አልኩት።

ዞር ያለችው ልጄ ናት። «አባ፣ ፈተናው የኔ ነው። ሂድና ጥላው ስር ተቀመጥ።»

ተቀመጥ ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ አንዱንም ይቅር አላልኩ። እሷን ግን ሰምቼ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ፉጨት «እሺ፣ ግቢ» አላትና የፈተናው ሚኒባስ ውስጥ ጎኗ ገብቶ ሜዳውን አዞራት። መታጠፊያ በደረሰች ቁጥር አንገቷ ሙሉ በሙሉ ወዲህ፣ ሙሉ በሙሉ ወዲያ ሲዞር ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ለዚህ ለዚህ ዓይኔ አልደከመም። ከዚያ ፉጨት ለመጨረሻው ፈተና ወረደ። በቆሙት ዘንጎች መሀል የፈተናውን ሚኒባስ ወደ ኋላ ማስገባት ነው። ብዙ ወንድ ያለቀሰበት ቦታ። እዚያ ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ ተፈታኙን ማንም አይመራም፤ የተመራ ወደቀ።

ፉጨት ከመኪናው ኋላ ቆመ። መኪናው ወደ እሱ መምጣት ጀመረ። ወላሂ ቀጥሎ ያየሁትን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። የውጤት ወረቀቱን ብብቱ ውስጥ ወተፈ፣ ቀኝ እጁን አነሳ፣ «ና፣ ና፣ ና… መሪ ቁረጥ፣ ቁረጥ… መልስ!» አለ። የመኪናውን ጀርባ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገ። ምን እያደረገ እንደሆነ አላወቀውም። ያ ድምፅ እኔን መጋዘን ያስገባ ድምፅ ነው፤ የኋልዮሽ የሚመጣበትን ብረት ሲያይ ብቻውን ከሆዱ ወጣ።

ሰልፈኛው ተንሾካሾከ። ይህን ሰው ሲያጠፋ ለመያዝ ስንት ዘመን ጠበቅኩ! ይኸው፣ በአደባባይ፣ በምስክር ፊት ተያዘ። ነገር ግን አፌን ከከፈትኩ የምትወድቀው ልጄ ናት። ዝም ካልኩም እሱ ሲነቃ፣ ተመርታ ነው የገባችው ብሎ ይጥላታል። ከጥላው ስር ብድግ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ።

መኪናው ቆመ። ልጄ መስኮቱን አውርዳ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ግን ይተዉኝ። በእርስዎ ድምፅ ከገባሁ ነገ “እኔ ነኝ ያስገባኋት” ይላሉ። ወጥቼ ከመጀመሪያው ብቻዬን ልግባ።»

ፉጨት የተነሳች እጁን አያት። የሌላ ሰው እጅ እንዳየ ሁሉ ቀስ አድርጎ አወረዳት። ፊቱ ላይ ያን ጊዜ ሲሳሳት የማውቀው ልጅ ብቅ አለ። ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ሰልፈኛውም አይቷል፤ ይጥላት ዘንድ የሚጠቀስ ነገር አልነበረውም።

«ውጪ» አላት። «እንደ አዲስ።»

እጆቹን ኪሱ ከቶ ዳር ቆመ። ኪሱ ውስጥ እጆቹ ሲላወሱ አይቻለሁ። እሷ ወጣች፣ አንገቷን አዞረች፣ ገባች። ዘንጎቹ ንፋስም የነካቸው አይመስልም። ልክ መሀሉ ላይ ፍሬን ይዛ ቆመች፤ ከቆመች በኋላ ነው የዚያ ሰው ሁለት ጣቶች ከኪስ አምልጠው ያ ፉጨት ሜዳውን የሰነጠቀው። ከቆመ መኪና ኋላ ሲያፏጭ ሰልፈኛው እንደገና ሳቀበት። በዚህኛውስ እሱም ፈገግ አለ።

አለፍሽ ብሎ ፈረመላት። አንገት ማዞር ማን እንዳስተማራት እንደማይጠይቃት፣ እንደሚያውቀው ነገራት። ቀና ብሎ ቀጣይ አለና አጥሩ ጥግ ያለችውን ባለ ኒቃብ አያት፤ ስለ ፊቷ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ በአገጩ ወደ ጸሐፊዋ በር ጠቆማት። ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ እየጠበቀቻት ነበር።

ስንወጣ በአጠገቤ አለፈና «ጋሼ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። አንዲት ጋሼ የዚያን ሁሉ ጊዜ አባባ ታካክሳለች? አስብበታለሁ፤ አልቸኩልም።

ሰኞ ጠዋት ሸራውን ገፈፍን። የግቢያችን በር ጠባብ ነው፣ ሚኒባሷ የምትወጣው የኋልዮሽ ነው፣ መንገዱም ከሰውና ከመኪና አልጠራም። ልጄ ኒቃቧን አስተካክላ መሪው ጋ ተቀመጠች፤ እኔ ጎኗ ልሳፈር በሩን ስከፍት «አባ፣ አንተ ኋላ ሁንና ምራኝ» አለችኝ።

«ብቻዬን ልግባ ስትዪ አልነበር?»

«ፈተና ነበራ። ይሄ ሥራ ነው።»

ዕድሜ ልኬን ሹፌር ሆኜ ኖሬ በስተርጅና ረዳት ሆንኩ። ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ። እሷ አትታየኝም፣ እኔም አልታያት። «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» አልኩ፤ መጣች። በሩን በጣት ስፋት አልፋ ወጣች። ቁሚ ለማለት ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ የፊት ጥርስ ስለሌለኝ ወጥቶ የሄደው ንፋስ ብቻ ነው። በመዳፌ የሚኒባሷን ጀርባ መታሁ። ቆመች።