ከዋሻው ደጃፍ የወለቀ ጫማ

ማይሌ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ታናሽ እህቷ ኖሄያ፣ ባሏ ካዊካ ዳግመኛ እጁን አንስቶባት፣ ባሕሩ ዳር ካለው ዋሻ ውስጥ ተደብቃለች። አጎታቸው መኪናውን ይዞ መጥቶ አውሮፕላን ማረፊያ እስኪያደርሳት ሌላ መሸሸጊያ አልተገኘም። ማይሌ በዋሻው ደጃፍ በሚያልፈው የእግር መንገድ ላይ ሽር ሽር የምትል መስላ ትመላለሳለች፤ ጎብኚ ሲያልፍ ፈገግ ትላለች፣ ሲርቅ ጥፍሯን ትነክሳለች።

ዋሻውም ዋሻ ሆኖ። ድሮ የአንድ አለቃ ሚስት ከባሏ ሸሽታ ገብታበት፣ አገልጋይዋ የያዘችው የላባ ማራገቢያ ጥላ በዋሻው ኩሬ ውሃ ላይ ታይቶ አጋለጣቸውና ባልየው ሁለቱንም ገደላቸው ይባላል። ውሃው በየዓመቱ የሚቀላው በእነሱ ደም ነው አሉ። ምን ነክቶኝ ነው እዚህ ያመጣኋት እያለች ራሷን ትረግማለች።

ካዊካ ከጥቁሩ አለት ጀርባ ብቅ አለ። ማይሌ ዞር ብላ የዋሻውን አፍ አየች። የኖሄያ ነጠላ ጫማ፣ ያ ባለ ቀይ ማሰሪያው፣ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል። የኛ ደሴት ሰው መቼም ጉድ ነው፤ ነፍሱን ሊያተርፍ እየሮጠም ደጃፍ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም።

ሳያያት ወደ ደጃፉ ሮጣ፣ የራሷን ጫማ ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውራ የእህቷን አጠለቀች። ጠበባት፤ ተረከዟ ከኋላ ተርፎ መሬት ነካ።

ካዊካ ሰላምታም አልሰጣት። ዓይኑ እግሯ ላይ ነው።

«እትዬ፣ የሚስቴ ጫማ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ተወችልኝ። ደህና ጫማ አድርጋ በማለዳ ሆኖሉሉ በረረች። ምነው፣ ጫማውም ያንተ ነው?»

«የገዛሁት እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብሎ ከእግሯ ላይ መንጭቆ ወሰደው። ካዊካ ቀና ብሎ የዋሻውን አፍ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ደጃፉ ላይ የወለቀ ጫማ የለም። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ውስጥ ሰው እንደሌለ አምኖ፣ ጫማውን በጣቱ አንጠልጥሎ በመጣበት ተመለሰ።

ከዓይኗ እስኪሰወር ጠብቃ፣ ከቁጥቋጦው የራሷን ጫማ አውጥታ ወደ ዋሻው ገባች። ኖሄያ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች።

«አድርጊው» አለቻት ማይሌ ጫማዋን እየሰጠቻት።

«እዚህ ውስጥ? ነውር አይደለም?»

«እዚሁ ውስጥ። የአጎታችን መኪና ውስጥ፣ አውሮፕላኑም ላይ፣ የትም ብትገቢ ዛሬ ከእግርሽ እንዳታወልቂው።»

ኖሄያ እያለቀሰች አጠለቀችው። ሰፋት። ማይሌ እጇን ይዛ፣ በባዶ እግሯ ስለታሙን ድንጋይ እየረገጠች ከፊት መራቻት።