የሙሴ ውክልና

ሙሴ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲዘምት ለሚስቱ ለታቢታ የተወላት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አሞራ ገደል አጠገብ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤትና ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት። ልጅ አልነበራቸውም። ወረቀቱ «ስለ እኔ ሆና እንድትከስ፣ እንድትከሰስና እንድትከራከር ወክያታለሁ» ይላል።

ዓመት ሳይሞላ የሙሴ አጎት ልጅ ኩማ «ቤቱ የአባቴ ነው» ብሎ ከሰሰ። የሥጋ ዘመድ ሲጨክን እንዲህ ነው፤ አንዱ ምሽግ ውስጥ ጥይት ሲጠብቅ ሌላው ቤቱን ይለካል። ታቢታ ወረቀቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ዓመት ከመንፈቅ ፍርድ ቤት ተመላለሰች። በየቀጠሮው የኩማ ጠበቃ ተነሥቶ ያንኑ ይጠይቃል።

«ወካዩ በሕይወት አለ? ከሞተ ውክልናው ፈርሷል፤ ይህች ሴት እዚህ የምትቆምበት ምክንያት የለም።»

«አለ» ትላለች ታቢታ። ማታ ማታ የጠበቃውን አነጋገር እያስመሰለች ለጎረቤቶቿ ስታሳያቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን ጎረቤቶቿ ራቋት። አጥር ለአጥር የምትጎራበታት ደስታነሽ ድምጿን ስትሰማ በሯን መዝጋት ጀመረች። የስፌት መኪናዋን በረንዳቸው ላይ ያስቀመጡላት ባለሱቁ ጋሽ ኑሪ እንኳ ሰላምታዋን አቀርቅረው ይመልሳሉ። ምን አጠፋሁ? ክርክሩ አሰልችቷቸው ይሆን? ታቢታ ስንቱን አወጣች፣ ስንቱን አወረደች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው እነዚህን አላያቸውም» እያለች ለብቻዋ ተብሰለሰለች። የጸሎት ቤቷም በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷል፤ ሆድ ሲብሳት የምትሄድበት አልነበራትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በወጉ ያነጋገራት ሰው የለም።

ሐሙስ ዕለት ያ ጠበቃ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቃት። እንደ ልማዷ ቀና ብላ «አለ» አለች። ዳኛው ፈረዱላት።

«ጋሽ ኑሪ፣ ተፈረደልኝ!» አለች እያለከለከች።

«እሰይ ልጄ» አሉና ፊታቸውን አዙረው የታጠፈ ጨርቅ እንደገና ማጠፍ ያዙ።

ደስታዋን የሚካፈላት ስላጣች ቤቷ ገብታ ለሙሴ ደብዳቤ ጻፈች። ስትመጣ ጣሪያውን እናድሳለን አለችው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ጋሽ ኑሪ፣ ደስታነሽና የእድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ ደጅ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቃል። ታቢታ የበሩን መቃን ያዘች።

«መቼ?»

«ሚያዝያ ላይ ነው አሉ» አሉ ጋሽ ኑሪ። «አብሮት የነበረ ወታደር ቆስሎ መጥቶ ነገረን። ከሰማን ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ልጄ። መርዶውን ያቆየነው ውክልናው ፈርሶ ቤቱን እንዳትነጠቂ ብለን ነው። አንቺ መዋሸት አትችይበትም፤ ብታውቂ ኖሮ ዳኛው ፊት ያስታውቅብሽ ነበር። ዓይንሽን እያየን መዋል ደግሞ እኛ አቃተን።»

ደስታነሽ እየተንሰቀሰቀች አቀፈቻት። ታቢታ ግን ቶሎ አላለቀሰችም። ዞር ብላ ሁለቱን ክፍሎች አየች።

«ጋሽ ኑሪ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ቤቱን የጠበቅኩት ለእሱ ነበር።»