ከግርጌ የተጎተተው አናጢ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በጀርመን፣ በባየርን ግዛት ባለች አንዲት መንደር አናጢው ኮርቢኒያን ዕድሜውን ሙሉ ለትልቁ ፓርቲ ፖስተር ሲቸነክር፣ አግዳሚ ወንበር ሲሸከም፣ ከስብሰባ በኋላ የሰከረውን ሲሸኝ ኖረ። ዘንድሮ ለመንደሩ ምክር ቤት ዕጩ አደረጉት። ስሙን ቢፈልገው ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች አገኘው። ከላይ ሊቀመንበሩ ዶክተር ሪንግልማን፣ ከሥሩ የዶክተሩ አማች፣ ቀጥሎ ባለባንኩ፣ ቀጥሎ ባለፋርማሲው።

«አትከፋ ኮርቢኒያን» አለው ዶክተሩ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። «ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ከታች ነው። ክብር ነው እኮ!»

የተማረ ሰው ሲሰድብህ እንኳ አመሰግናለሁ አስብሎህ ነው። ኮርቢኒያንም አመሰገነ። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱን ዋልቡርጋን፣ «ዘንድሮ ምክር ቤት ካልገባሁ እዚህ መንደር ቀና ብዬ አልሄድም» አላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዱ ቢራ ቤት ገባ። ምድጃው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ የየፓርቲው ሰው ተቀላቅሎ ካርታ ይጫወታል፤ እዚያ የማይሰደብ እንግዳ ብቻ ነው። ሽማግሌው አሎይስ፣ ባየርን ከጀርመን ተነጥላ ራሷን ትቻል የሚለው የትንሹ ፓርቲ ሰው ናቸው።

«መጣ የግርጌው ጌታ!» አሉ ገና ሲያዩት።

«ይሳቁ ጋሽ አሎይስ። የእርስዎ ፓርቲ እኮ አባሉ በሙሉ ቢሰበሰብ አንድ ትራክተር ይበቃዋል።»

«ይበቃዋል! ግን ማንንም ከኋላ አናንጠለጥልም። ውሻ እንኳ በበላበት ነው የሚጮኸው፤ አንተ ሳትበላ ስትጮህላቸው ኖርክ!»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ኮርቢኒያንም ሳቀ፤ ፊቱ ግን ቀላ። አሎይስ አዩት። ካርታቸውን ገልብጠው አስቀመጡ።

«ወንበሩን የምር ትፈልገዋለህ?»

«እንደ ነፍሴ።»

«በል ተወው። ተጫወት፣ ተራህ ነው።»

የምርጫው ወረቀት የጠረጴዛ ልብስ ያህላል። መራጩ ካሻው ፓርቲውን ብቻ ምልክት አድርጎ ይወጣል፤ ካሻው ደግሞ ከየፓርቲው የወደደውን እየለቀመ ለአንድ ሰው እስከ ሦስት ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ድምፅ ያገኘ በዝርዝሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ድምፁም ለፓርቲው ይቆጠራል። ዶክተሩ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ ሰው ለአናጢ ብሎ እንዲህ ይደክማል ብሎ አላሰበም። «ከላይ አንድ ምልክት፣ በቃ!» እያለ በየቤቱ ዞረ። የዞረባቸውን ቤቶች ጣሪያ ማን እንደጠገነ ግን ቀና ብሎ አላየም።

በምርጫው ማግሥት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ውጤቱ ተለጠፈ። ኮርቢኒያን ከግርጌ ተነሥቶ ባለፋርማሲውን፣ ባለባንኩን፣ አማችየውን ዘሎ፣ ከዶክተሩም በላይ ቁጭ ብሏል። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢራ ቤት።

አሎይስ ተኮሳትረው ጠበቁት። «እጄ ይቆረጥ! ተወልጄ እዚያ ፓርቲ ላይ ምልክት አድርጌ አላውቅም። ሦስቱን ስሰጥህ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። የእኛ ሰዎችም እንደዚያው። በእኛ ድምፅ ለእነዚያ አንድ ወንበር እንደተጨመረላቸው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጋሽ አሎይስ።»

«አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይገርፈኛል።»

«ቢራው በእኔ ነው።»

«ቢራ ብቻ? ቋሊማውስ?»

ነጩ ቋሊማ እንደ አገሩ ልማድ በሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረበ። ገና ሲጀምሩ ዶክተር ሪንግልማን ገባና፣ «ኮርቢኒያን! ፓርቲያችንን አኮራኸው!» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሰው በደስታው ቀን ቂም አይዝም ይባላል። እንዲህ የሚለው ያልተናቀ ሰው ነው። ኮርቢኒያን የቋሊማውን ቆዳ ቀስ ብሎ ገፈፈ፤ ጣፋጩን ሰናፍጭ አስነካ፤ አላምጦ ዋጠ፤ አፉን ጠረገ። የዶክተሩ እጅ ተዘርግቶ ቀረ። ካርታው ቆመ፤ አሎይስ ሳቃቸውን በብርጭቋቸው ሸሸጉ።

ከዚያ ኮርቢኒያን ጨበጠው።

«ይቀመጡ ዶክተር» አለ። «ቋሊማው ሳይቀዘቅዝ።»