የሚነዝር እጅ

ሀብትነሽን ለዓመታት ሲያንገበግባት የኖረ ነገር አለ። ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሻይ እያዞረች ስትኖር፣ ከእጇ ብርጭቆ የሚቀበላት ጠፋ። «እዚያ መስኮቱ ላይ አድርጊው» ይሏታል። ለለማኝ እንኳ እንዲህ አይባልም።

ነገሩን ያመጣው ኃላፊው አቶ ባንተአምላክ ነው። የቢሮውን ወለል ዳር እስከ ዳር ናይለን ምንጣፍ አለበሰና ጫማውን እየጎተተ ይንጎማለልበት ጀመር። አንድ የጥር ቀን ብርጭቆውን ሊቀበላት ሲል ጣቱ ጣቷን ነካ፤ ጧ አለና ነዘረው። ደንግጦ ወደ ኋላ ሲንደረደር ኮምፒውተሩን ጨበጠ፤ እሱም ድርግም አለ።

«የዚች ሴትዮ እጅ ደህና አይደለም» አለ። ዲግሪ አለው የሚባለው ሰውዬ ነው እንግዲህ። በማግስቱ ጠበል አስመጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ረጨ። ምናልባት ይነሳ የነበረው ኮምፒውተር በዚያው አረፈ። የተማረው ሁሉ አመነው። ወሬው ማንኩሳ ድረስ ሄደ፤ ለልጇ ለያምሮት ሽማግሌ ሊልኩ የነበሩ ሰዎች በዚያው ቀሩ።

ዘንድሮ በጥር ሌላ ኮምፒውተር ሞተ። ሙንዲር የሚባል ጠጋኝ ከቡሬ መጣ። አንዴ ወለሉን አየና ሳቀ።

«ይሄን ምንጣፍ አውጡት። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሰው እየተራመደበት ኮረንቲ ይሰበስባል፤ ከዚያ የነካውን ይነዝራል፣ ኮምፒውተር ያቃጥላል።»

«አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚያድር ነገር ነው?» አለች ሀብትነሽ ከበሩ ላይ።

«ኧረ እትዬ፣ እዚህ ላይ የሄደ ሁሉ ይዞት ይዞራል።»

አቶ ባንተአምላክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ድሮ ምንጣፉ ነው ብዬ ነበር» አለ። አይ ዓይን አውጣ! ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «ሻዩን መስኮቱ ላይ አድርጊው» አላት።

አላደረገችም። እስከ አፉ የሞላ ትኩስ ሻይ ይዛ ፊቱ ተገተረች።

«ይቀበሉኝ።»

«አስቀምጪው አልኩ እኮ!»

«ይቀበሉኝ። ምንጣፉ ወጥቷል፤ ምን ይፈራሉ?»

«ጣትሽ ይቃጠላል፣ አንቺ ሴት!»

«የኔ ጣት መቼ አሳስቦዎት ያውቃል?»

ሠራተኛው ሥራውን ትቶ በሩ ላይ ተኮልኩሎ አፈጠጠ። አንዷ አፏን ይዛ ሳቀች። የሀብትነሽ ጣቶች ቀልተው እንደ በርበሬ ሆኑ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። እሱ ጣሪያ አየ፣ ግድግዳ አየ፣ መውጫ እንዳጣ ዶሮ አንገቱን አዟዟረ። በመጨረሻ ፍም እንደሚያነሳ ሰው በሁለት ጣቱ ተቀበላት። ምንም አልነዘረውም።

«ይጠጡት» አለችው። ጠጣ።

«አሁን ይንገሩልኝ። ኮምፒውተሩን ያቃጠለው ማን ነው?»

«ምንጣፉ ነው… ተባለ እኮ።»

«ማን ያነጠፈው ምንጣፍ?»

ሻዩ ትን አለው። ሳለ፣ ሳለና ጨረሰ። እሷ ቆማ ጠበቀችው።

«እኔ ያነጠፍኩት» አለ እያጉተመተመ።

«በር ላይ ያሉት አልሰሙም፤ ይድገሙት።»

ደገመው።