ለሁለት አካውንት የመጣ ሽማግሌ

ባርናባስ፣ ዴንተን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ክላስተር ያስተዳድራል፤ ብዙ መቶ ኮምፒውተሮች ተጋግዘው የተመራማሪዎችን ስሌት የሚሠሩበት ክፍል ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት አካውንቶች ዘጋ። ባለቤቶቹ ከተመረቁ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስሌት ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በስማቸው ይገባ ነበር። የሚያስገባው የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዶክተር ይርጉ ነበር። ደንቡ ለአንድ ሰው ሃያ ስሌት ብቻ ይፈቅዳል፤ ዶክተሩ በሦስት ስም ስድሳ እየደረደረ ሌላውን ሁሉ የወረፋው ጭራ ላይ አስቀርቶታል።

ባርናባስን ለዚህ ሥራ ያስቀጠረው ዶክተር ይርጉ ነው። አርብ ኮንትራቱን የሚያድሰው ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱው ነው። ስለዚህ ኢሜይል መጻፍ አላስፈለገውም፤ ሽማግሌ ላከ።

ረቡዕ ከሰዓት አቶ ኃይለ መስቀል ከኧርቪንግ ከተማ ወደ ባርናባስ ቢሮ ነድተው መጡ። ሃያ ዓመት የኤርፖርት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ባርናባስ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ተቀያይማችኋል አሉ፣ አንተና ዶክተሩ» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«እኔ አልተቀየምኩም አባባ።»

«ኦኬ። እንግዲያው የዘጋህበትን ክፈትለትና እርቅ ይውረድ።»

«ምን እንደዘጋሁበት ነግሮዎታል?»

«በር መሰለኝ።»

ባርናባስ ሳቁን ውጦ ስክሪኑን አዞረላቸው። ስሞች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ ከየስሙ አጠገብ የጠበቀበት ሰዓት አለ። «ይቺ ትዕግሥት የምትባል ተማሪ ናት። አራት ቀን ጠብቃለች። መመረቂያ ጽሑፏን ነገ ታስገባለች። ከፊቷ ያሉት እነዚህ ሦስት ስሞች አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱን ብዘጋም ቀድመው የገቡት ስሌቶች ገና ወረፋው ላይ አሉ።»

አቶ ኃይለ መስቀል መነጽራቸውን አደረጉ። «ወረፋ ነው እንዴ?»

«ወረፋ ነው።»

«ኤርፖርት እንዲህ ያለ ሰውዬ ነበረን። የራሱንም የወንድሙንም መኪና አምጥቶ ሁለት ቦታ ይይዛል።»

«ምን አደረጋችሁት?»

«ተወው፤ አሁን ሽማግሌ ነኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ቢሆንም ልጄ፣ ውለታ አለብህ። ለዚህ ሳምንት ብቻ ክፈትለት።»

«እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ ግን አልከፍትም። ዶክተሩ ቤት ሲቀይር ዕቃውን እሸከማለሁ። ልጁን ሂሳብ አስጠናለሁ። የትዕግሥትን ተራ ሰጥቼ ግን የራሴን ውለታ አልመልስም። ተራው የእሷ ነዋ።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

«ይርጉ፣ ልጁ እምቢ ብሏል።»

«አርብ ሩቅ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ» አለ ዶክተሩ።

ባርናባስ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «እሰማለሁ ዶክተር። አርብ ዝርዝሩን ይዤ እቀርባለሁ። ኮሚቴው የሦስቱን ስሞች ባለቤት ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ።»

ሽማግሌው ስልኩን ወደ ራሳቸው መለሱ።

«እንዳልከኝ መጣሁ» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል። «የማስታርቀው ጠብ ግን አላገኘሁም። እንደ ሰው ተሰለፍ።» ስልኩን ዘጉና ወደ ባርናባስ ዞሩ። «ሥራህን ብታጣስ?»

«እስከ አርብ ሥራዬ ነው» አለ ባርናባስ፣ በተመራቂዎቹ ስም የተደረደሩትን አርባ ስሌቶች መሰረዝ እየጀመረ።