ድሃ የጠፋበት ትምህርት ቤት

ወለተጻድቅ በቀራኒዮ በኩል ላለው ትምህርት ቤት ግቢ መጥረግና ውሃ መቅዳት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። መጥረጉን ትችለዋለች። ምንጩ ግን ገደሉ ሥር ነው፤ መውረዱስ ደህና፣ እንስራ አዝሎ መውጣቱ ነው ወገብ የሚቆርጠው። በ1963 ክረምት ቀኝ ጉልበቷ ማበጥ ሲጀምር፣ ዳገቱን ከአንድ ዓመት በላይ እንደማትችለው አወቀች። ውሃ መቅዳት ካቃታት ደግሞ ከግቢው ጥግ የተሰጠቻትን ክፍል ትለቃለች፤ ሌላ መጠጊያ የላትም።

መስከረም ሲጠባ አንድ ደብዳቤ መጣ። የደላቸው አገሮች ተማሪዎች በድሃ አገሮች ላሉ ትምህርት ቤቶች ንጹሕ ውሃ እንዲያስገቡ የሚያደርግ የተማሪዎች ማኅበር ተቋቁሟል ይላል። አብሮት ቅጽ አለ፤ ቅጹ ላይ «ሰጪ» እና «ተቀባይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ይህን ያነበበላት ወጣቱ መምህር ሰብስቤ ነው። ወለተጻድቅ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ዳይሬክተሩ አቶ መኳንንት ግን ኩሩ ሰው ናቸው። መምህራኑን ሰበሰቡና፣ የአፍሪካ መሪዎች በሚሰበሰቡባት ከተማ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት እንዴት እጁን ለልመና ይዘረጋል አሉ። ሰብስቤ ፈራ ተባ እያለ ውሃ እኮ የለንም ቢል፣ ጥግ ላይ ያለውን እንስራ አሳይተው ይሄ ታዲያ ምንድን ነው አሉት። እንስራው እውነትም ሙሉ ነበር፤ ወለተጻድቅ ከጀርባዋ ካወረደችው ገና ላቧ አልደረቀም። አቶ መኳንንት ከሱ አንድ ብርጭቆ ጠጡና «ሰጪ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ።

ከዚህ በኋላ የልጆቹ ነገር አንጀት ይበላል። ከትምህርት በኋላ አየር ጤና ድረስ እየሄዱ ለቤት ሠሪዎች ድንጋይ አጋዙ፣ ሣር አጭደው ሸጡ፤ የማያውቁት ልጅ እንዳይጠማው እነሱ ተጠሙ። ጥር ላይ አንድ አረንጓዴ የእጅ ፓምፕ ተገዛ። እስኪላክ ግቢው መሐል መደብ ተሠርቶለት ቆመ፤ ዳስም ተጣለለት። የትምህርት ቤቱ ክብር ነውና አቧራ እንዳያርፍበት በየጠዋቱ ይታጠብ ተባለ። አጣቢዋ ማን ልትሆን ነው? በቀን አራት እንስራ ታወጣ የነበረችው ወለተጻድቅ አምስተኛውን ለፓምፑ ጨመረች።

የካቲት ላይ፣ ፓምፑ ይላክለታል ከተባለው የባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ለካ እነሱም ሰጪ ናቸው። ፓምፕ ገዝተው ተቀባይ አጥተው ተጨንቀዋል፤ የቀራኒዮ ወንድሞቻቸው ቢቀበሏቸው ደስታቸው ወሰን የለውም። የአቶ መኳንንት ደም ፈላ። እናንተ ተቀበሉ ብለው ጻፉ። የለም፣ እናንተ አሉ እነዚያ። በር ላይ ቆመው ይግቡ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ እንደሚባባሉ ሰዎች ሦስት ወር ተጻጻፉ። ወለተጻድቅ በዚያ መሐል ዳገቱን በእጇ እየቧጠጠች መውጣት ጀምራ ነበር።

በመጨረሻ ማኅበሩ ታከተው። እስከ ግንቦት ሠላሳ ተቀባይ ያልተገኘለት ፓምፕ ተወስዶ መጋዘን ይገባል፤ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ባይሆን አንድ ሰውም ይበቃል፣ ብቻ ድሃ ነኝ ብሎ ይፈርም የሚል ቴሌግራም ላከ። ስብሰባ ተጠራ። ዘበኛው በዛብህ ቢጠየቅ፣ የተቀደደ ኮቱን አስተካክሎ ጎጃም ያለውን የአያቶቹን ርስት ይዘረዝር ገባ። ድሃ ፍለጋ ወደ ዘነበወርቅ የተላከው ሰውም ባዶውን ተመለሰ፤ ሁሉም ጎረቤቱን ጠቆመ እንጂ እኔ ነኝ ያለ የለም።

ወለተጻድቅ ለተሰብሳቢዎቹ የሚጠጣ ውሃ ይዛ ስትገባ ይህን ሰማች። በደህና ውሃ ስታጥበው የከረመችው ፓምፕ መጋዘን ሊገባ መሆኑ አበገናት።

«የጠፋው ድሃ ነው?» አለች። «እኔ አለሁ አይደል እንዴ። ወረቀቱን አምጡት።»

አላፈረችም፤ ጉልበቷን ያመማት ከማፈር በላይ ነው። ሰብስቤ ቀለሙን አቀረበላትና አውራ ጣቷን አሳረፈች። የአቶ መኳንንት ፊት በራ፤ ስለ ቸርነት ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ተጨበጨበላቸው።

ድሃዋ የምትኖረው እዚያው ግቢ ጥግ ነውና ፓምፑም ከበሯ ፊት መተከል ነበረበት። ተማሪዎቹ በአሥራ አምስት ቀን ጉድጓድ ቆፍረው ተከሉት፤ ውሃው ወጣ። ወለተጻድቅ እጀታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫነው አለቀሰች። ልጆቹ «እትዬ፣ እንጠጣ?» እያሉ ይሰለፋሉ፤ እሷም ጠጡ ልጆቼ ትላለች።

አቶ መኳንንት ግን አልቀመሱትም። የሰጡትን መልሶ መጠጣት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ቢሮ አስጠሯትና፣ «ለልጆቹ እንዳሻሽ አድርጊ፤ የኔን ግን ከምንጩ ነው የምታመጪው» አሏት።

ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ያንን ዳገት፣ ለአንድ ሰው ክብር፣ እንደገና። እሺ ጌታዬ ብላ ወጣች።

በማግስቱ እንስራዋን አዝላ፣ አቶ መኳንንት በመስኮት እያዩዋት፣ ወደ ገደሉ አቀናች። አጥሩን እንዳለፈች ታጠፈችና በጓሮ በኩል ተመልሳ፣ ከቢሮው መስኮት ከማይታየው ፓምፕ ሞላች። ከዚያ ከክፍሏ ጀርባ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ምንጩ ድረስ ወርዶ መመለስ የሚፈጀውን ያህል። በዚያ ሰዓት ተቀምጣ አታውቅም፤ የጠዋት ፀሐይ እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የነገራት የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ግንባሯን በውሃ አራሰች፣ እንስራዋን አዘለችና እያለከለከች ቢሮ ገባች።

አቶ መኳንንት አንድ ብርጭቆ ቀስ ብለው ጠጥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የምንጭ ውሃ እኮ ሌላ ነው» አሉ።

«ልክ ነው ጌታዬ» አለች ወለተጻድቅ ጉልበቷን እያሸች፤ «ዳገቱ ነው እንጂ።»