ባዶ መቃን

የላይኛው ማጠፊያ ዘንግ ብዙም አላስቸገረ፤ በያጁ ከሥሩ መታ መታ ሲያደርገው ብቅ አለና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የታችኛው ግን ዝጓል። ተንበርክኮ መሮውን አስጠጋና መዶሻውን ሲያሳርፍበት ከግድግዳው ላይ የኖራ ፍርፋሪ ረገፈ። በሩን የሠራው ራሱ ነው። የሴት ልጁ ክፍል ጠባብ ስለሆነች ወደ ሳሎን እንዲከፈት አድርጎ፣ ማጠፊያውንም በውጭ በኩል በይዶ ነው የገጠመው። ልጅቷ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ስትጥል የረሳችው ይህንን ነው። የሰፈሩን ግማሽ በር የሠራ ሰው የገዛ ቤቱን በር ማውለቅ አያቅተውም።

«አባዬ፣ ተው» አለች ከውስጥ።

«ጠዋት ስለምንሽ ነበር መክፈት።»

«እባክህ ተው።»

«ይሄ ሆቴል አይደለም፤ ‹አትረብሹኝ› የሚል ወረቀት አይንጠለጠልበትም።»

ታላቅ እህቱ ሶፋው ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ገና በጠዋቱ መጥታ እሳቱን የለኮሰችው እሷ ናት። የባሏን ወዳጅ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ያለውን ሰው፣ ስንት ቀን ደጅ ጠንታ ለወንድሟ ልጅ የገንዘብ ያዥነት ሥራ አስፈቅዳ ነበር። ሰውየው ትናንት ቀጥሮ እስከ ቀትር ቢጠብቅም ልጅቷ የውሃ ሽታ ሆነች። አልታመመችም፣ አልደወለችም፤ በቃ አልሄደችም። አክስትየዋ ይህን ስትናገር ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ በሩ ብረት ቢሆንም ቃሏ እንዲያልፍ ነበር የፈለገችው። የእሷ ልጅ በዚህ ዕድሜ ሥራም ትዳርም ይዛለች። ስልክ ሲነካኩ መዋል ዲግሪ አይጠይቅም። ይህ ትውልድ ሲያስነጥሰው እንኳ ተጨነቅሁ ይላል።

«ዲግሪዋን መስታወት አልብሳችሁ ሰቀላችሁላት» አለች በመጨረሻ፣ «እሷም ከሥሩ ተኛችበት።»

እናትየዋ ከወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ቆይታለች። በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ዛሬ ተራዋ ከሰዓት ስለሆነ የሥራ ጋውኗን ከወዲሁ ለብሳለች። ይህችን ዋርሳዋን ባሏ በሌለበት «ሬዲዮዋ» ነው የምትላት፤ ሲከፍቷት እንጂ ሲዘጓት አይሆንላትም ትላለች።

«እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ትሰማለች።»

«እንድትሰማማ ነው።»

እናትየዋ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለችና በጆሮው፣ ልጅቷ የፀጉር መተኮሻዋን ለጎረቤት ልጅ መስጠቷን፣ ጃኬቷንም እንደዚሁ፣ ከዚህ በፊትም ይህንኑ ነግራው እንደነበር አስታወሰችው።

«ደግ ሆናለቻ» አላት መሮውን ሳይለቅ። «በኔ ላብ።»

«ስለ ደግነት አይደለም የማወራህ።»

«ታዲያ ስለምንድነው?»

የጋውኗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ ከሰነበተም ቆይቷል። ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ልታስረክብ የምትመጣ አንዲት ሲስተር ፊቷን አይታ ምን ሆነሻል ብትላት የልጇን ነገር ነግራታለች። ሲስተሯም ልጅሽን በግልጽ ጠይቂያት፣ ነገሩን በስሙ ጥሪው፣ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣባትም፣ ብላ መክራታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናት በየጠዋቱ ከዚህ በር ፊት እየቆመች፣ ጌታ ሆይ አፌን ክፈትልኝ እያለች ትጸልያለች። የምትከፍተው ግን የድስቱን ክዳን ብቻ ነበር፤ ምሳ ላምጣልሽ ከማለት አታልፍም።

አሁንም አላለፈችም። ባሏም ወደ መዶሻው ተመለሰ።

ዘንጉ እየተንቋረረ ወጣ። በያጁ በሩን በሁለት ክንዱ አቅፎ ከማጠፊያው በኩል ሳበው፤ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ሾልኮ ወጣ። ተሸክሞ ሶፋው አጠገብ ግድግዳው ላይ ሲያስደግፈው እህቱ እግሯን ሰበሰበች። ከዚያ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ ክፍሉ ዞረ። የሚናገረውን ከማለዳ ጀምሮ አዘጋጅቶታል፤ የአይጥ ጎሬ ብሎ ነበር የሚጀምረው።

ክፍሉ ግን ንጹሕ ነበር። አልጋው ተነጥፎ አንሶላው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ፎቶዎች የነበሩበት ቦታ የፕላስተር ምልክት ብቻ ቀርቷል። የትምህርት መጽሐፎቿ በሲባጎ ታስረው ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ልብሶቿ አንድ ሻንጣ ውስጥ ገብተው ዚፑ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ የተዘጋ ስልኳ አለ፤ ቻርጀሩ ተጠቅልሎ ተቀምጦበታል። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ ወደ መስኮቱ ታያለች። አልዞረችም።

አክስት ከሶፋው ሆና አንገቷን አሰገገች።

«በጽዳትስ አትታማም» አለች። «ወይስ ልትኮበልዪ ነው? ማነው እሱ?»

በያጁ እህቱን አልሰማትም። ይህን ዓይነት ጽዳት ያውቀዋል። በወርክሾፑ ብዙ ሰው ቀጥሯል፣ ብዙም ሰው ለቆበታል። ጓንቱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሚወጣ ሠራተኛ ነገ ይመጣል። መሣሪያውን ወልውሎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ሁሉንም በየቦታው ደርድሮ የሚወጣ ሰው ግን ሥራውን እያስረከበ ነው፤ አይመለስም። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም፣ እጁ ነው የሚያውቀው። መዶሻው ከበደውና ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። የግቢ በር የሚያስተክል ደንበኛ ነበር፤ ሳያነሣ አጠፋው።

«መጽሐፎቹ ለማን ናቸው?» አለ። ድምፁ ከፈለገው በላይ ወጣ።

«ለሚፈልጋቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔ አልፈልጋቸውም።»

«ለነሱ ስል እኮ ነው ብረት ስቆርጥ የኖርኩት። ዓይኔን ያጠፋሁባቸው ናቸው።»

ልጅቷ ይህን ጊዜ ዞረች። ፊቷ ከስቷል፤ ንዴቱ ግን አልከሳም።

«አውቃለሁ። በየቀኑ ዓይንህን ታሳየኛለህ።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። ማታ ስትገባ ‹ዛሬስ?› ትለኛለህ። ጫማህን ሳታወልቅ፣ ‹ዛሬስ?› ምን ልበልህ? ዛሬም ልምድ አምጪ አሉኝ። ዛሬም ለአንድ ወንበር ሰልፉ እስከ አስፋልት ደርሶ አየሁት። ስልኬን ስከፍት ደግሞ አብራኝ የተማረችው ሁሉ አንዷ መኪና ውስጥ ናት፣ አንዷ ቬሎ ውስጥ። ስልኩን አጠፋሁት። አንተ ግን ማጥፊያ የለህም፤ ለዚህ ነው በር የዘጋሁት።»

«ቢጨንቀው ነው እንጂ አባትሽ!» አለች አክስት። «ሥራው ሲመጣልሽስ ለምን አልሄድሽም? ሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ።»

ልጅቷ መሄዷን ተናገረች። ትናንት እስከ ሱቁ ድረስ ሄዳ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆማ የሱቁን መስታወት ስታይ ቆየች፤ ሻጮቹ ወንበር ሲወለውሉ፣ ሰውየው ሰዓቱን ሲያይ አይታለች። መሻገር ነበር የቀራት።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለች። «ደክሞኛል፣ አክስቴ። ምንም ሳይሠራ የደከመው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው፣ እዩኝ።»

«እኛ በናንተ ዕድሜ የምንደክምበት ጊዜ አልነበረንም።»

በያጁ ወደ እህቱ ዞረ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ፊት ለፊት ተናግሯት አያውቅም፤ ያሳደገችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ አሁን ሂጂልኝ።»

«እኔን ነው?»

«አንቺን ነው።»

ብዙ አለች። ለዚህ ቤት ስትል ከሰው ፊት መቆሟን፣ ውለታ የማይገባቸው መሆናቸውን፣ ነገ ተነገ ወዲያ ደጇን ቢያንኳኩ እጇን መታጠቧን። ከሁለቱም አትሂጂ ብሎ የለመናት አልነበረም። አክስት ስትወጣ ቀሚሷን በእጇ ሰብሰብ አደረገችው፤ የወለቀው በር እንዳያቆሽሽባት ነበር።

በያጁ ንዴቱን የሚያሳርፍበት ሲያጣ በሚስቱ ላይ አዞረው።

«ታውቂ ነበር?»

«ነግሬሃለሁ። ‹ደግ ሆናለች› አልከኝ፤ አሁን፣ እዚሁ ቆመህ።»

«በትክክል አልነገርሽኝም።»

«አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። አንተ ዘንድስ ቃል ማን ያስጨርሳል? ሲስተሯ ጠይቁ ብላኛለች። አልቻልኩም። እናቷ ነኝ፤ በዚህ አፌ እሹሩሩ ያልኳት ነኝ። እንዴት ብዬ?»

ሰው ሁሉ በያጁን ምላሱ ሸካራ ነው ይለዋል። ብረቱን ይሞርዳል፣ ቃሉን ግን ሳይሞርድ ነው የሚጥለው፤ ስንት ደንበኛም በዚሁ ተቀይሞ ሸሽቶታል። ሚስቱ የእድሜዋን ግማሽ የጨረሰችው እሱ ያቆሰለውን ሰው ሁሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ነው። አሁን ግን አፉን እያየች ጠበቀች።

ወደ ክፍሉ አንድ እርምጃ ገባ።

«ልትሞቺ አስበሻል?»

ከውጭ የጎረቤት ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። እናትየዋ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ልጅቷ ወለሉን አየች፤ ማንም በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቀኛል ብላ ያልጠበቀች ይመስላል።

«አላውቅም» አለች። ቆየችና፣ «አንዳንድ ቀን አዎ።»

«ዛሬስ» ሊል አፉ ሄደና ጥርሱን ነከሰበት።

አይታዋለች። ከንፈሯ በአንድ በኩል ተጣመመ፤ ሳቅ አልነበረም።

«ዛሬ መዶሻህን ስሰማ ተናደድኩ» አለች። «በጣም ነው የተናደድኩብህ። ሰው ሲናደድ ትንሽ ይረሳል።»

መጮኽ ፈለገ። ማን ይቅበረኝ ብለሽ ነው ሊላት ፈለገ። በዚያ ፈንታ መቃኑን ያዘ። እናትየዋ ከኋላው፣ ሲስተሯ ዛሬ ከሰዓት ተረኛ መሆኗን፣ ይዘሻት ነይ፣ እኔ ራሴ ሐኪሙ ዘንድ አስገባታለሁ ማለቷን በዝግታ ነገረቻቸው። ሐኪሙ ምን ዓይነት ሐኪም እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

«በለው» አለች ልጅቷ አባቷን እያየች። «‹ልጄ እብድ አይደለችም› ልትል ነው።»

«ልል ነበር።»

«ታዲያ?»

«ዋጥኩት።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። እንደማትሄድ ተናገረች። ሐኪም፣ ሲስተር፣ ሱቅ፣ ለእሷ ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም ጋ ሰልፍ አለ፣ ሁሉም ጋ ወረቀት ያያሉ፣ ሁሉም ጋ ምን ሆነሽ ነው ይላሉ። እናትየዋ እኔ ነኝ የምሰለፈው ብትላትም ትከሻዋን ነቀነቀች።

«መጀመሪያ በሬን ግጠመው።»

«ዛሬ አልገጥመውም።»

«እስረኛ ነኝ?»

«አይደለሽም።» ቃል ፈለገ፤ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። «ፈርቻለሁ።»

ይህን ቃል በዚህ ቤት ማንም ከአፉ ሰምቶ አያውቅም። ጣሪያ ላይ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲይዘው እንኳ ተራግሞ ነው የወረደው። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«ስትመለሺ እገጥመዋለሁ» አለ። «መቀርቀሪያውን ግን ቆርጬ እጥለዋለሁ። ከአሁን በኋላ በዚህ በር ላይ መቀርቀሪያ አይኖርም።»

«ጨካኝ ነህ።»

«ልሁን። ጥዪኝ። ኖረሽ ጥዪኝ።»

ልጅቷ ዓይኖቿን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ንዴቱ አልለቀቃትም፤ እሱም እንዲለቃት አልጠበቀም። ከደጅ የሚመጣው የውሃ ድምፅ ቆሞ ሌላ ባልዲ መሙላት ጀመረ።

«እንግዲያው ውጣልኝ ከዚህ» አለችው። «ልብስ ልቀይር።»

ወጣ። ወጥቶም ከኋላው ሊዘጋ እጁን ዘረጋና የሚዘጋው ነገር አጣ። በሩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ፤ መጋረጃ የለም፣ የሚጋርድ ቁምሳጥን የለም። ቆይቶ ቆይቶ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ጀርባውን ወደ ክፍሉ፣ ፊቱን ወደ ሳሎን አድርጎ፣ ሰፊ ትከሻውን በሁለቱ መቃኖች መካከል አስገብቶ ተቀመጠ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ከኋላው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ሊዞር ይፈልጋል፤ አልዞረም። ጸሎት እንደ ሚስቱ አይሆንለትም፤ እባክህ ከማለት ያለፈ አያውቅም። እሱኑ አለ።

ቀጥሎ የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ሰማ።

እናትየዋ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ከወጥ ቤቱ መጣች። ልጇ ጋ ለመግባት ተቻኩላ ጋውኗን ሰብስባ ባሏን ልትሻገረው እግሯን ስታነሣ፣ እሱ ክንዱን ዘርግቶ መቃኑን ያዘ።

«ቆይ» አላት። «እየለበሰች ነው።»